ከስቶክዌል እስከ ቦስተን፦ የ«ኖሮ» ሒሳብ

ለንደን ውስጥ ሁለት ሳምንት ያረፍኩት ስቶክዌል፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ዕድሜ ልኳን ሆስፒታል ስታጸዳ ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ልጇ ባንክ ትሠራለች። እናትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በሰላም የሚኖሩት አንድ ወሬ እስካልተነሳ ድረስ ነው፤ ያንን ወሬ ደግሞ ባለማወቅ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን፣ ቶናው ሲቀዳ፣ «ለመሆኑ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣታችሁ ጠቀማችሁ ወይስ ጎዳችሁ?» አልኳቸው።

ልጅቱ ስኒዋን አስቀመጠች። «አራት በመቶ» አለች። «አገሪቱ ልታገኝ ከሚገባት አራት በመቶ ይጎድልባታል።»

አክስቴ ሳቀች። «አራት በመቶውን አይተሽዋል? የት ነው የተቀመጠው?»

ለካስ አክስቴ በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ «እንውጣ» ብላ ድምፅ ሰጥታለች። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ምክንያቷ የራሷ ነው፦ የእህቷ ልጅ ለሠርግ ልትመጣ ስትል ወደ አገሯ አትመለስም ተብላ ቪዛ ተከልክላለች፤ ከቡካሬስት የተነሳ ሰው ግን ያኔ መታወቂያውን አሳይቶ ይገባ ነበር። «ይኼ ፍትሕ ነው?» ትላለች እስከ ዛሬ። ስቶክዌል ያለበት የላምቤዝ አካባቢ 78.6 በመቶው «እንቆይ» ያለበት ስለሆነ አክስቴ በሰፈሯ ብርቅ ናት። በአገር ደረጃ ግን ያሸነፉት የእሷ ወገኖች ናቸው፤ 51.9 ለ48.1።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደረሰኝ የሌለው ኪሳራ ያስጨንቀኛል። ያን ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር አራት በመቶውን ስናሳድደው አመሸን። ቁጥሩ የመንግሥትን የበጀት ትንበያ የሚሠራው የበጀት ኃላፊነት ጽሕፈት ቤት ግምት ነው፤ መውጣቱ የአገሪቱን ምርታማነት በረጅም ጊዜ በአራት በመቶ ያህል ዝቅ ያደርገዋል ይላል። ዝቅ የሚለው ከምን ነው? ካለፈው ዓመት አይደለም፤ ከኅብረቱ ሳትወጣ ከቀረች እንግሊዝ ነው። እንዲህ ያለች እንግሊዝ ደግሞ የለችም፤ በስሌት የተሠራች ናት። አማርኛ ለዚህ አንዲት ቃል አለችው፦ «ኖሮ»። ባትወጣ ኖሮ ይህን ያህል ታገኝ ነበር። አክስቴ ደግሞ በአገሯ ተረት «ነበር ባይሰበር» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ካርታውን ሳገላብጥ ከላምቤዝ ተቃራኒ የሆነችውን ከተማ አገኘኋት፤ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሊንከንሻየር ውስጥ ያለችው ቦስተን፣ 75.6 በመቶ «እንውጣ» ብላ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ የወጣችው። ከኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተነሥቼ ግራንታም ላይ ባቡር ቀየርኩ። ሁለተኛው ባቡር ሁለት ፉርጎ ብቻ ያለው፣ የሚንቀጠቀጥ የናፍጣ ባቡር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አገር እንደ ምጣድ የተዘረጋ ነው፤ ኮረብታ የለ፣ ጉብታ የለ። በጥንት ጊዜ ረግረግ የነበረ፣ ውሃውን በቦይ አንጠፍጥፈው ያደረቁት ጥቁር አፈር ነው፤ ጥቁረቱ የአዳን መረሬ አስታወሰኝ። በላዩ ላይ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ባሮ ሽንኩርት እስከ አድማስ በመስመር ተኮልኩሏል። ከሩቅ የሚታየው ብቸኛ ቁመት ያለው ነገር የቅዱስ ቦቶልፍ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው፤ ከሰማንያ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የአገሩ ሰው ግን «ጉቶው» ይለዋል። ይህች ከተማ በመካከለኛው ዘመን ሱፍ ወደ አውሮፓ እየላከች የበለጸገች፣ የሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች መጋዘን የነበራቸው ወደብ ናት። የአሜሪካዋ ቦስተን ስሟን የወሰደችው ከዚህችው ነው።

ረቡዕ የገበያ ቀናቸው ነው። አደባባዩ ላይ አንዲት ሴትዮ አበባ ጎመን ከምረው ይሸጣሉ። «ምን ልስጥህ፣ ዳክዬ?» አሉኝ። ክፉኛ ደነገጥኩ። በኋላ እንደ ገባኝ በዚህ አገር «ዳክዬ» ማለት እንደኛ «የኔ ጌታ» ወይም «ሆዴ» እንደ ማለት ነው። ባለ አንድ ፓውንድ ከሃያውን መርጬ በላስቲክ ያዝኩ። አጠገባቸው ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ስላቸው «ታዲያ ቦስተን ምን አመጣህ?» አሉ። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ አራት በመቶውንም ጨምሬ።

ሽማግሌው አትክልት ማሸጊያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። አልተቆጡም፤ ብዙ ጊዜ የተጠየቁት ጥያቄ ይመስላል። በእጃቸው መቁጠር ጀመሩ። በ2004 አሥር አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ፣ ከነባሮቹ አባላት ለአዲሶቹ ሠራተኞች በሩን ወዲያው የከፈቱት እንግሊዝ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ናቸው። መንግሥት ያስጠናው ጥናት በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ሰው ይመጣል ብሎ ነበር። የመጣው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው፤ ብዙውም ጎመን ለመልቀም ወደዚህ ወረደ። «ያን ጊዜም ባለሙያዎች ነበሩ» አሉ። ሁለተኛ ጣታቸውን አጠፉ። በ2016 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን «ውጡ» ካላችሁ ኢኮኖሚው ወዲያው ይወድቃል፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ ያጣል የሚል ሰነድ አወጡ። ሕዝቡ «እንውጣ» አለ፤ ሥራ አጥነቱ በማግስቱ አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ። «ስለዚህ ሦስተኛውን ቁጥር ይዘህልኝ ስትመጣ ምን ልበልህ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ስለ ሁለቱም ትንበያዎች ያሉት ትክክል ነው። እኔም በተራዬ ስለ «እንውጣ» ዘመቻ ቀይ አውቶብስ ጠየቅኳቸው፤ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለአውሮፓ ኅብረት እንልካለን ተብሎ በጎኑ ስለ ተጻፈበት። ለእንግሊዝ ይደረግ የነበረው ቅናሽ አስቀድሞ ስለሚነሳ ያን ያህል ገንዘብ ከአገር ወጥቶ አያውቅም፤ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑም ያኔውኑ አሳሳች ነው ብሎ ነበር። ሽማግሌው ትከሻቸውን ሰበቁ። «አውቶብሱን ማን አመነው? እኛ የምናውቀው የቤት ኪራዩን ነው።»

ይህን ሲሉ የለንደኑ ፕሮፌሰር አናንድ ሜኖን የተናገሩት ትዝ አለኝ። ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ኒውካስል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ ብንወጣ አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ይቀንሳል ሲሉ አንዲት ሴት ከአዳራሹ «እሱ የእናንተ ምርት ነው፣ የእኛ አይደለም» ብላ ጮኸችባቸው። ሰዎች ይህን የሚያነሱት ብዙውን ጊዜ በሴትዮዋ አላዋቂነት ለመሳቅ ነው። እኔ በሒሳብ ሠራተኛነቴ ከእሷ ጋር ነኝ፦ የድርጅቱ ትርፍ ሲያድግ የጥበቃው ደመወዝ ባለበት የቀረባቸውን ብዙ መዝገቦች ዘግቻለሁ። ያ ማለት ግን ትርፉ ሲወርድ ጥበቃው አይነካም ማለት አይደለም። ሽማግሌውን ያልጠየቅኳቸው ይህንን ነው፤ አሁን ይቆጨኛል።

ከአደባባዩ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ዌስት ስትሪት የሚባል መንገድ አለ፤ የፖላንድ፣ የሊትዌንያ፣ የሮማንያ ሱቆች ተደርድረውበታል። አንዱ ውስጥ ገባሁ። ጥቁር ዳቦ፣ በብርጭቆ ማሰሮ የተቀመመ ኪያር፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ በጭስ የደረቀ ቋሊማ። ባለ ሱቋ የሊትዌንያ ሰው ናት፤ መጀመሪያ እርሻ ላይ፣ ቀጥሎ ማሸጊያ፣ በመጨረሻ ሱቅ። ቋሊማውን ቆርጣ እንድቀምስ ሰጠችኝ። ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ ብዬ ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ በኋላ የእሷም አያት ዓርብ ዓርብ ይጾሙ እንደነበር ነገረችኝና ኪያር ሰጠችኝ።

ለእሷ የብሬግዚት፣ ከኅብረቱ የመውጣቱ፣ ጉዳት በ2016ቱ ሰኔ በአንድ ሌሊት የመጣ ነው። ፓውንዱ ከ1.50 ዶላር አካባቢ ወደ 1.32 ወረደ፤ ከ1985 ወዲህ ያልታየ። ያን ጊዜ በየሳምንቱ ለእናቷ ትልክ ነበር። የሰዓት ክፍያዋ አልተነካም፤ እናቷ እጅ የሚደርሰው ግን አነሰ። ይህንን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሐዋላ የሚጠብቅ ቤተሰብ ምንዛሪን ከሚኒስትሩ በፊት ያውቃል። ሁለተኛው ጉዳት ቋሊማው ነው። ዱሮ ከቪልኒየስ የተጫነ መኪና ሳይጠየቅ ይገባ ነበር። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ሥጋው የእንስሳት ሐኪም የፈረመበት የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ መምጣት አለበት። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት አንድ ወረቀት ለሃያ ቶን ያስፈርማል፤ እሷ ለጥቂት ካርቶን ያው አንድ ወረቀት ያስፈልጋታል። «ቀረጥ የለም ይላሉ፤ እውነት ነው የለም» አለች፣ «ወረቀቱ ግን ከቀረጥ ይብሳል።»

ጎመኑን አሁን ማን ይለቅመዋል? እሷም ሽማግሌውም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ፦ ከኪርጊስታን፣ ከኡዝቤኪስታን፣ ከታጂኪስታን በስድስት ወር ቪዛ የሚመጡ ልጆች። በአጠቃላይም ከመውጣቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት የሚገባው የውጭ ሰው አልቀነሰም ነበር፤ እስከ 2023 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ከወጣው በላይ የገባው ሰው ከ900 ሺህ በልጧል፤ አብዛኛውም ከአውሮፓ ውጭ ነው። አክስቴ በዚህ ነጥብ አሸንፋለች ማለት ይቻላል። ሽማግሌው ግን ለዚህ አልነበረም ድምፅ የሰጡት።

ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ማስታወሻዬን አገላበጥኩ። «ኖሮ» የአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነችም ያኔ ነው የታየኝ። የካርዲፉ ኢኮኖሚስት ፓትሪክ ሚንፎርድ በበኩላቸው መውጣቱ ኢኮኖሚውን በአራት በመቶ ያሳድገዋል ብለው ነበር፤ ያው አራት፣ ምልክቱ ብቻ ተገልብጦ። ስሌታቸው እንግሊዝ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ያለውን ቀረጥ ለሁሉም አገር ብታነሳ በሚል ላይ የቆመ ነው። መንግሥት ያንን አላደረገም። ስለዚህ ያኛውም ወገን የራሱ «ኖሮ» አለው፦ እንደ መከርነው ቢወጡ ኖሮ። በዚያ ላይ ከኅብረቱ የጋራ ገበያ በተግባር የወጡት በ2020 መጨረሻ፣ ወረርሽኙ መሐል ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የዩክሬን ጦርነት ጋዙን አስወደደው፣ በጥቅምት 2022 የዋጋ ንረቱ 11.1 በመቶ ደረሰ። እኔ እንደሚመስለኝ ኪሳራው እውነት ነው፤ ወረቀት በበዛበት ድንበር ንግድ ሲጨምር አይቼ አላውቅም። በ1997 ኤርትራ ናቅፋን ባወጣችበት ጊዜ ድንበር ላይ ይነግዱ የነበሩ ሰዎችም ይህን ይነግሩናል። መጠኑን ግን ቋሊማው ላይ እንጂ ሠንጠረዡ ላይ አላየሁትም።

ስቶክዌል ስደርስ መሽቷል። አክስቴ አበባ ጎመኑን ከላስቲኩ አውጥታ አገላበጠችው።

«ስንት ገዛኸው?»

«አንድ ፓውንድ ከሃያ።»

«እዚህ ታች ያለው ሱቅ ከዚህ የሚያንሰውን አንድ ከሰማንያ ይለዋል።»

ልጇ ከስልኳ ቀና አለች። «እሱማ ባንወጣ ኖሮ…»

«አትጀምሪ!» አክስቴ ቢላዋዋን አንስታ ጎመኑን ለሁለት ሰነጠቀችው። ከመሐሉ ቀጭን አረንጓዴ ትል ብቅ አለች። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየናት።

«ከማሳው በቀጥታ የመጣ ነው» አለች አክስቴ ደስ ብሏት፣ ትሏን በቢላዋዋ ጫፍ አንስታ ወደ መስኮቱ ሄደች።