ወጌሻውና ጤና ጣቢያው፦ በጎንደር ገጠር አብረን የሠራንበት መንገድ

በጎንደር ዙሪያ እጁ የተሰበረ ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ወጌሻ ቤት ነው። ውሻ የነከሰው መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ይሄዳል፣ ሳል አልለቅ ያለው ጠበል ይገባል፣ ምች የመታው ዳማከሴ ታሽቶለት ይጠጣል። እኔ የምሠራበት ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ሰው የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው። እኔና ባልደረቦቼ ከባህል ሐኪሞች ጋር ለመሥራት የተነሣነውም ለዚህ ነው። በሽተኛውን ቀድሞ የሚያየው ሰው አደገኛውን ምልክት ለይቶ ቶሎ ከላከልን ብዙ ሕይወትና ብዙ አካል ይተርፋል።

ሥራውን የጀመርነው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ በኩል ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው የሚመደቡት ሴቶች የአካባቢው ልጆች ስለሆኑ የትኛው ወጌሻ እንደሚታመን፣ የትኛዋ እናት ለማን ሥር እንደምትምስ ያውቃሉ። ወጌሻዎቹን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለስብሰባ አልጠራናቸውም። እንዲያ ቢጠሩ ሊከሰሱ ነው ብለው ይሸሻሉ። እርሻ በማይታረስበት በዓል ቀን፣ ቡና ሲፈላ፣ ቤታቸው ሄድን።

አንድ አዛውንት ወጌሻን «አባቴ፣ ሲያስሩ ብናይ ይፈቅዱልናል?» አልናቸው። «እናንተ ተምራችሁ ከእኔ ምን ልታዩ ነው ልጆቼ?» አሉና ፈቀዱ። የመጣው ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን የተጎዳ ነበር። ለጋ ቅቤ ቀብተው በሁለት አውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ ወረዱ፣ ስብራቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ያለ ራጅ፣ ልጁን እንኳ ሳያስጮሁ ቦታውን አገኙት። ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩለት። ይህን ችሎታ አይቶ የማያከብር ባለሙያ ከወጌሻ ጋር አብሮ መሥራት አይችልም።

የእኛ ድርሻ ከማሰሪያው በኋላ ነበር። የተሰበረ አካል ያብጣል፣ ሲያብጥ ማሰሪያው ይጠብቃል፣ ደም መመላለስ ያቅተዋል። ሥጋው ከሞተ መዳኛው መቁረጥ ብቻ ነው። ቤተሰብ ደግሞ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ «እየጠገነ ነው» ብሎ ያባብለዋል። ስለዚህ የልጁን የጣት ጥፍር ጫን አድርገን ለቀቅን፤ ነጣ፣ ወዲያው ደግሞ ቀላ። «ነጥቶ ከቀረ፣ ወይም ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ፈትተው ይላኩልን» አልናቸው። አዛውንቱ የሌላኛውንም እጅ ጥፍር ራሳቸው እየጫኑ አወዳደሩ። አሁን አስረው ሲሸኙ እናትየዋን ጥፍር ማየት ሳያስተምሩ አይለቁም። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ፣ ክርን አካባቢ የተሰበረና የጭን ስብራት ያለበት ሰው ግን ሳይታሽ ሳይታሰር እንዲመጣ ተስማማን። እኛም መርምረን ወለምታ ብቻ የሆነውን ወደ እሳቸው እንመልሳለን። ይህ መመለስ ከየትኛውም ሥልጠና በላይ ልባቸውን ከፈተው።

ቅጠልና ሥር የሚያውቁትን ቀርቦ ማናገር ከዚህ ይከብዳል። መድኃኒቱ ከተነገረ ይረክሳል ይባላል፤ ዕውቀቱም የሚተላለፈው ለተመረጠ አንድ ልጅ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚሰጡ አልጠየቅናቸውም። ለሌላ ባለሙያም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ምስጢሩን አትጠይቅ። የሕዝብ ዕውቀት ስንት ነገር እንደያዘ ማወቅ የፈለገ ሰው እንዶድን ያስብ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት።

በውሻ ንክሻ ላይ ግን አልተለሳለስንም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። አዋቂዎቹን የለመንናቸው ማንኛውንም ነገር ከመስጠታቸው በፊት ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እንዲያጥቡና በሽተኛውን በዚያው ቀን ለክትባት እንዲልኩ ነው። ማጠቡን ሁሉም ወዲያው ተቀበሉት። ክትባቱን ያልተቀበሉ ዛሬም አሉ፣ እኛም መመላለሱን አልተውንም። እንጥል መቁረጥና የሕፃን ጥርስ መንቀልም እንዲሁ ነው፤ በእነዚህ ላይ መሀል ሰፋሪ መሆን አይቻልም።

ከመተማና ከሑመራ የቀን ሥራ የሚመለሱ ወጣቶች ጉዳይ ብዙ ያስጨንቀኛል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ያልፋል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ በግራ በኩል ሆዱ ያብጣል። መንደሩ «ጣፊያ ነው» ብሎ ቆዳውን በምላጭ ያስበጣዋል። ብዙ ጊዜ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የሚባል በሽታ ነው፣ ካልታከመም ይገድላል። በጣቾቹን «ከቆላ ነው የመጣኸው?» ብለው እንዲጠይቁና አዎ ያላቸውን ሳይበጡ እንዲልኩልን አስተማርናቸው።

ጠበል ቦታ ላይ የረዱን ካህናት ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለወራት ሳይቋረጥ ይዋጣል፣ ጠበል የገባ ሰው ግን መድኃኒቱን መዋጥ እምነት ማጉደል ይመስለዋል። እኔ ብነግረው አይሰማኝም፣ የንስሐ አባቱ «ጠበሉንም ጠጣ፣ ኪኒኑንም ዋጥ» ሲሉት ይሰማል። አንድ ካህን ጠዋት ጠዋት ከጠበሉ በኋላ ኪኒን ያለበትን እየጠየቁ ራሳቸው ያስውጣሉ።

ያልተፈታው ነገር የወጌሻው ጥቅም ነው። በሽተኛ ሲልክ ገቢው ይቀራል፣ የእሱ ልፋት ደግሞ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይታይም። እስካሁን ያገኘነው ዘዴ የላከው በሽተኛ ምን እንደሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ እንድትነግረው ማድረግ ነው። ወረዳውን የምንጠይቀው ደግሞ በሪፈር ቅጹ ላይ «ማን ላከው» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመርና የወጌሻውም ስም እዚያ ላይ እንዲጻፍ ነው።