ኦልድ ራግን ዞሮ ለመመለስ

ትናንት ከኦልድ ራግ ስንወርድ ይበልጥ የገባኝ ነገር፣ የዚህ ተራራ ቀን የሚሰምረው ገና ከቤት ሳይወጣ መሆኑ ነው። ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን ያዙልኝ።

ዙሩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ በጠቅላላው ከ700 ሜትር ያልፋል። ከ7 እስከ 8 ሰዓት መድቡለት። ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ከፓርኩ መግቢያ ክፍያ ሌላ የቀን ትኬት ያስፈልጋል። ቀድማችሁ ግዙና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ እዚያ ኔትወርክ አይታመንም። ውሻ አይፈቀድም።

አቅጣጫውን አደራ! በሪጅ መንገድ ውጡ፣ በሳድል መንገድና በዊክሊ ሆሎው ውረዱ። ቋጥኞቹ በእጅም በእግርም እየተያዙ ነው የሚወጡት፤ በዚያው ለመውረድ የሞከረ ጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ ከሚወጣው ሰው ጋር ይፋጠጣል፣ ጉልበቱም ይጎዳል። ዝናብ ካለ ቀን ቀይሩ፤ እርጥብ ግራናይት ጫማ አይዝም። በነፍስ ወከፍ ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ፣ በሙቀት ወራት 3። እጅ ነፃ ይሁን፤ ሁሉም ነገር የጀርባ ቦርሳ ውስጥ።

የአካባቢው ድብ ጥቁር ድብ ነው። እየተጨዋወታችሁ ሂዱ፤ ድንገት ካልደረሳችሁበት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸሻል። ካያችሁት ቢያንስ 45 ሜትር ራቁ፤ አትሩጡ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አፈግፍጉ። እሱ ወደ እናንተ ከተጠጋ እጃችሁን አንስታችሁ ጩኹበት። ካጠቃ ደግሞ የሞተ መምሰል ለጥቁር ድብ አይሠራም፤ መታገል ነው። ምሳ ስትበሉ ቦርሳ ጥላችሁ ፎቶ ለማንሳት አትሂዱ፤ የብርቱካን ልጣጭ እንኳ ይዛችሁ ተመለሱ።