ምክንያቱን ጻፍልኝ

ጥቅምት 2013 ሊያልቅ ነው። ሰሜኑ ላይ ጦርነት ከተነሣ ሳምንት አልሞላውም። አንዲት ወጣት ሪፖርተራችን ዜና ላከችልኝ። መግቢያው ላይ «በትግራይ ክልል የተጀመረው ጦርነት» ይላል። «ጦርነት» የሚለውን አጠፋሁና «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» አልኩት። ማንም አልደወለልኝም። ቀይር ያለኝም የለም። እጄ ራሱ ነው የሄደው።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«ለምን እንደቀየርከው ምክንያቱን ጻፍልኝ።»

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ቶሎ ደረቀ። ይቺን ጥያቄ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ነገሩ የሚጀምረው 2009 ላይ ነው። ያኔ አንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ሪፖርተር ነበርኩ። መስከረም 22፣ እሑድ፣ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ተቃውሞ ተነሣ። የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተኮሱ። ሕዝቡ ሲሸሽ ተረጋገጠ፣ ብዙ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 52 አለ። ተቃዋሚዎች ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የእኛ ጋዜጣ የሚወጣው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ዜና ስንነታረክ ሰነበትን።

ምክትል ዋና አዘጋጁን ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር። ከዜናዬ ሁለት ነገር አወጡ። አንደኛው፣ «አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ» የሚለው ሐረግ ነው። የቀረው «በተፈጠረ መረጋገጥ» ብቻ ሆነ። እንዲያ ሲነበብ ሰዉ ዝም ብሎ እርስ በርሱ የተራገጠ ይመስላል። ሁለተኛው፣ «ምንጮች እንደሚሉት» ብዬ ያስገባሁት ትልቅ የሟቾች ቁጥር ነው።

ነደደኝ። ይሄ ሳንሱር ነው ብዬ ጮህኩ። አንቀጽ 29ን ሁሉ ጠቀስኩላቸው። ሕገ መንግሥቱ ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፣ ምናምን።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉኝ። «ምንጮች ያልካቸው እነማን ናቸው?»

ሁለት ሰው በስልክ ነበር ያናገርኩት። አንዱ ጭራሽ ቦታው ላይ አልነበረም። አፈርኩ። እዚህ ላይ ልክ ነበሩ።

«እሺ፣ አስለቃሽ ጭሱስ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ተው በቃ።»

ሌላ ነገር አልጨመሩም። ልዩነቱ የገባኝ ያኔ ነው። አንዱ ቆረጣ ጮክ ተብሎ የሚነገር ምክንያት አለው። ሌላው የለውም። ሁለቱንም ሳንሱር ብዬ ስጮህ ሁለተኛውን እያስመለጥኩት ነበር።

ከዚያ በኋላ መጨቃጨቄን ተውኩና ደብተር ያዝኩ። በግራ ገጽ የወጣውን ወይም የተቀየረውን እጽፋለሁ። በቀኝ ገጽ ጋሼ የነገሩኝን ምክንያት። መጀመሪያ «ልትከሰኝ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። እየዋለ እያደረ ግን ለመዱት። እንዲያውም ራሳቸው «ይችን ጻፋት» ይሉኝ ጀመር። አብዛኛው ቆረጣ ደህና ምክንያት ነበረው። ቅጽል አብዝቻለሁ። የሌላውን ወገን አልጠየቅኩም። ንዴቴ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ገብቷል። ቀኝ ገጹ ባዶ የቀረባቸው ጥቂት ነበሩ፤ ሁሉም ፖለቲካ ላይ።

የአስለቃሽ ጭሱስ ነገር? በዚያው ሳምንት የተሰራጨውን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። ሦስቴ ደጋግመው አዩት። «የተሰራጩ ምስሎች እንደሚያሳዩት» ተብሎ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ገባ። መግቢያው ላይ አይደለም። ስሜን ከዜናው ላይ አውጡልኝ ልል ነበር፤ አላልኩም። አስተዋይነት ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ጋዜጣው በወጣ ማግስት፣ እሑድ መስከረም 29፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወጁ ተነገረ። ከውጭ የሚተላለፉትን ኢሳትና ኦኤምኤን ማየት ሳይቀር ተከለከለ። ያን ሰሞን የደብተሩ ቀኝ ገጽ በአንድ ምክንያት ተሞላ፦ አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት።

ስለ ስልክም ላንሣ። ዜና እንድንቀይር የሚደውለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይቆጣም። «ለአንተው ብዬ ነው፣ ወንድሜ» ነው የሚለው። ኤዲተር ከሆንኩ ወዲህ፣ ያኔ የነበረውን የመገናኛ ብዙኃን ሕግ ጠቅሼ የምሰጠው አንድ መልስ ነበረኝ፦ «በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመልስ መብት አለዎት፣ በጽሑፍ ይላኩልን፣ እናትማለን።» ደዋዩ ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ከጻፉት አንዱ ግን እውነቱን ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊነት አዛብተን ጽፈን ነበርና ማረሚያ አወጣን። ይሄ ዘዴ የሚሠራው ግን የጋዜጣው ባለቤት ከኋላህ ከቆመ ነው። የእኛ ባለቤት ለፖለቲከኛ አይበገርም። ማስታወቂያ ላይ ግን ይለሳለሳል። ፖለቲከኛ ሲደውል ቢያንስ ትቆጣለህ፤ የማስታወቂያ ክፍሉ ልጅ ግን ቡና ይዞልህ ነው የሚመጣው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ደብተሩን አወጣሁ። ቀኝ ገጹ ላይ «መንግሥት የሚጠቀምበት ስም ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችው። «ታዲያ ለምን "መንግሥት የሕግ ማስከበር ዘመቻ ያለው" አንልም? ስሙን ያወጣው እሱ ነው፣ እኛ አይደለንም።»

መልስ አጣሁ። የጻፍኩት ምክንያት እውነተኛው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እውነተኛው ፍርሃት ነበር፤ እሱን መጻፍ ደግሞ አፈርኩ። በመጨረሻ «ዘመቻ»ውን ለመንግሥት ሰጥተን እኛ «ውጊያ» አልን። ከባድ መሣሪያ እየተተኮሰ ነው፣ ሰው እየሞተ ነው፣ ይሄን ማንም አይክድም።

ሚያዝያ 2013 ምክር ቤቱ ሕወሓትንና ሸኔን በሽብርተኝነት ሲፈርጅም በዚሁ ሄድን። ብዙ የሚዲያ ቤት ስማቸው በተጠራ ቁጥር «ሽብርተኛው» የሚል ቅጽል ይለጠፍ ነበር። እኛ በአንድ ዜና አንዴ ብቻ፣ ማን እንደፈረጀው ጠቅሰን ጻፍን። እንዲህ መጻፍ ርዕስ ላይ አይበቃም፣ ያስቀይማል፣ ያንዛዛል። ዋሽንግተን ያለ አንባቢ ደውሎ «ካድሬዎች!» ይለናል። ስልኩ ሳይቀዘቅዝ ሌላው ደውሎ «ጁንታ!» ይላል። ያውም በአንድ ዜና። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ መጋቢት 2015፣ ምክር ቤቱ ሕወሓትን ከዝርዝሩ ሲያወጣው ያ ቅጽል ባንድ ሌሊት ከየቤቱ ጠፋ። እኛ የምናጠፋው ብዙ አልነበረንም።

ይሄን ሁሉ ስል ግን ሁሌ የተሳካልኝ እንዳይመስላችሁ። በጦርነቱ መሐል አንድ ጎበዝ ሪፖርተር ነበረን። ዘመድ የሞተበት ልጅ ነው። አንድ ዜናውን ስመለከት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ምንጭ የላቸውም። አወጣኋቸው። «ነፃነቴን ነካህ» አለኝ። ደብተሩን ከፍቼ ምክንያቴን አሳየሁት። «ከፈለግህ የአንተንም ጻፍበት» አልኩት። አልጻፈም። በወሩ ሌላ ቤት ገባ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ሁለቴ ተገጣጥመናል፤ መንገድ ይሻገራል።

ገጹ አሁንም አለ። በግራ የእሱ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች፣ በቀኝ የእኔ «ምንጭ የለውም»። ከሦስቱ አንዱ በኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ።