«ልጄ ጨዋ ነው፤ ድምፁ አይሰማም»

አራት ኪሎና ልደታ አካባቢ ከወላጆች ጋር ስለ ልጆች ሲወራ አዘውትሬ የምሰማው ምስጋና «የእኔ ልጅ ጨዋ ነው፤ ድምፁ አይሰማም» የሚል ነው። ይህን ምስጋና በሙሉ ልብ መቀበል ካቆምኩ ቆይቻለሁ። በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ልጅ ይኖራል፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ቁጣ ወይም ፌዝ ስለተከተለው መናገር የተወ ልጅም ግን ከውጭ ሲታይ ያው ጨዋ ነው። የእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ዝምታ ጭንቀትን፣ አልፎም ራስን የማጥፋት ሐሳብን ሊሸሽግ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት፤ ከ15 እስከ 29 ባሉት ዘንድ ደግሞ ራስን ማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነበር። ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት ብቻ የሚመጣ ነገር ስላልሆነ፣ ልጁን ባጣ ወላጅ ላይ ጣት መቀሰር ጭካኔም ስሕተትም ነው። ሆኖም ዱላ፣ ስድብና ማዋረድ አደጋውን እንደሚያብሱት፣ በቤት ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ደግሞ እንደሚቀንሰው በተደጋጋሚ ተረጋግጧል።

በእኛ ከተማ ነገሩ አፍጥጦ የሚወጣው በውጤት ሰሞን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አለማለፍ የብዙኃኑ ዕጣ ሆኖ ሳለ በየቤቱ ግን የአንድ ልጅ ስንፍና ተደርጎ ተቆጠረ። ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «የእነ እንትና ልጅ እኮ አለፈች» ሲባል፣ ቶናውን የምትቀዳው ልጅ ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ የታጠበውን ሲኒ ደግማ ታጥባለች። እናት ልጇን ለማበርታት እንጂ ለመጉዳት አላሰበችም። ልጅቷ የሰማችው ግን ለቤተሰቡ ሸክም መሆኗን ነው፤ ይህ ስሜት ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አቅልለው ከማያልፏቸው ምልክቶች አንዱ ነው። (ድሮ አባቱን የፈራ ልጅ ለጎረቤት እናት ይተነፍስ ነበር፤ ፒያሳና ካዛንቺስ ፈርሰው ሰፈርተኛው ከተበተነ ወዲህ ግን ያም የቀረባቸው ልጆች ብዙ ይመስሉኛል።)

ቁጥጥር ይቅር ማለቴ አይደለም። ልጅ በጊዜ ወደ ቤት መግባት አለበት፤ ለምን እንደሆነ ግን ሊነገረው፣ እሱም የሚለው ሊደመጥ ይገባል።

እንቅልፉ የተዛባ፣ ከጓደኞቹ የራቀ፣ የሚወዳቸውን ዕቃዎች ለሰው ማደል የጀመረ ልጅ ሲታይ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጥያቄው ያላሰበውን ያሳስበዋል የሚለው ፍርሃት በጥናት አልተደገፈም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ሳይቆጡና ሳያስምሉ መስማት፣ ብቻውን አለመተው፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ «ሰው ያየናል» ብለው የሚሰጉ ወላጆች አሉ፤ እንደ ዘውዲቱና ቅዱስ ጳውሎስ ባሉ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበል የሚወስዱም ቢሆኑ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ የለባቸውም።