የአሸዋ ጠገራ

ከአዲስ አበባ ስነሳ ሁለቱንም በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣዬ መሀል ላይ አስቀምጫቸው ነበር። ለአጎቴ ናቸው። አጎቴ ጎንደር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የባሕር ጃርትንና የባሕር ኮከብን በጠመኔ እየሳሉ ለስንቱ ልጅ አስተምረዋል፤ ባሕር ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። የባሌ ወንድም የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። "ድንጋይ ይሁን ብስኩት አልገባኝም" እያለ ከባሕር ዳር አንስቶ ያመጣልኝን ሁለት ነጭ ክብ የባሕር እንስሳ ቅርፊት እንዳየሁ፣ ለማን እንደማደርሰው ወዲያው ወሰንኩ።

አውቶቡሱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ተሳፋሪው ዝም አለ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ውዳሴ ማርያም አወጡ። እኔ ግንቡን የመሰለውን ገደል ነበር የማየው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከእርሱ በታች ደግሞ ፈዛዛው የኖራ ድንጋይ በንብርብር ተደርድሯል። እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረው የሥነ ምድር ባለሙያ ዊልያም ብላንፎርድ፣ ትግራይ ውስጥ ላየው ለዚህ ዓይነቱ የኖራ ድንጋይ የእንጣሎን ስም ሰጥቶታል። ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ እዚህ ባሕር ነበር፤ በድንጋዩ ውስጥ የባሕር ጃርት ቅሪት ይገኛል። እኛ ግን ቀና ብለን ሳናይ፣ ፍሬኑ ይይዝ ይሆን እያልን እናልፈዋለን።

ባሕር ዳር አድሬ በማግሥቱ በሚኒባስ ቀጠልኩ። ሻንጣዬ ጣሪያ ላይ ወጣ። ጎንደር መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ እንደ ጤፍ ጆንያ ወረወረው። የሰማሁትን ድምፅ እስከ ፒያሳ ድረስ በሆዴ ይዤው ሄድኩ።

አጎቴ ሹራቡን የፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ አልደፈርኩም። አንዱ ደህና ነው። ሌላው ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ደህናውን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

"ፈረንጆቹ የአሸዋ ዶላር ነው የሚሉት" አልኳቸው።

"ዶላር የሚለው ስም ከታለር የመጣ አይደል እንዴ? ታለሩን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን፤ ጠገራ ብር ነው። የአሸዋ ጠገራ በይው።"

ለዚህ እንስሳ በአማርኛ ከዚህ የተሻለ ስም አልሰማሁም። ማርያ ቴሬዛ ያለችበት ጠገራ እሷ ከሞተች በኋላ በየትኛውም ዘመን ይመታ ላዩ ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። በጠርዙ ባሉት ሁለት ስንጥቆች የተነሳ የኔው ጠገራ ኤኪኖዲስከስ አውሪተስ ተብሎ የሚታወቀው ይመስለኛል፤ ትርጉሙ "ባለ ጆሮ" እንደ ማለት ነው። ሌስኬ የተባለው ጀርመናዊ ይህን ስም ያወጣው በ1778 ነው። በሁለት ዓመት ይቀድማል።

አጎቴ መነጽራቸውን አጥልቀው እንደ ክፍል ጊዜያቸው ጀመሩ። በሕይወት ሳለ እንዲህ ነጭና ልስልስ አይደለም፤ ከፋይ የሚመስል አጭር እሾህ ለብሶ፣ በእሾሁ እየገፋ አሸዋ ውስጥ ይገባል። በጀርባው ላይ ያለው አምስት ቅጠል ያለው አበባ ጌጥ እንዳይመስልሽ፣ አሉ፤ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል የሚወጡት ለስላሳ እግሮች መተንፈሻው ናቸው። ገለበጡት። አፉ ከሥሩ መሀል ላይ ነው። ከዚያ ስንጥቆቹን ወደ ራሳቸው አዞሩና፣

"እዩት! የተለመደው የባሕር ጃርት ክብ ነው፣ ፊትና ኋላ የለውም። ይሄ ግን አለው። ስንጥቁ ከኋላ ነው።"

ስንጥቁ ለምን እንደሚያገለግል ሲጠይቁኝ ያነበብኩትን ነገርኳቸው፤ ውኃው በእርሱ በኩል ስለሚያልፍ ሞገድ በቀላሉ ከአሸዋው አያነሳውም ይላሉ ተመራማሪዎች። በአሜሪካ የፓስፊክ ዳርቻ የሚኖር ዘመዱ በልጅነቱ ክብደት ያላቸውን የአሸዋ ቅንጣቶች እየመረጠ ይውጣል፤ እንዳይወሰድ። የዚያው ዘመዱ እጭ ደግሞ የዓሣ ልጋግ ሲሸተው ራሱን ለሁለት ይከፍላል፤ ትንሽ ሆኖ ከዓሣው ዓይን ለመሰወር ሳይሆን አይቀርም። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። አጎቴ ሳቁ። "እጩ እንደ እኛ ግራና ቀኝ አለው። ሲያድግ ነው አምስት የሚሆነው። ይህን ተማሪ አምኖኝ አያውቅም ነበር።"

የተሰበረውን ስንነካካ ከሆዱ አምስት ነጫጭ ቁርጥራጮች ሰፌዱ ላይ ወደቁ። ክንፋቸውን የዘረጉ እርግቦች ይመስላሉ። መንጋጋው ናቸው፤ ከአርስቶትል ጀምሮ "ፋኖስ" የሚባለው። አጎቴ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ በጣታቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ቆጠሩ።

ዘመድ አዝማዱን መቁጠር እዚህ ጋ ነው የሚጣፍጠው። ክፍለ ስፍኑ ኤካይኖደርማታ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያሉት መደቦቹ አምስት ናቸው፤ የባሕር ኮከብ፣ ተሰባሪ ኮከብ፣ የባሕር ኪያር፣ የባሕር ሊሊ፣ የባሕር ጃርት። ጠገራው ከጃርቶቹ ወገን ነው። አጎቴ ያስተማሩት ጠፍጣፋውም ወፍራሙም፣ የባሕር ብስኩት የሚሉት ሳይቀር፣ ሁሉም በአንድ ክፍለ መደብ እንደሚጠቃለል ነበር፤ ምክንያቱም ሁሉም ይህን መንጋጋ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን ለጠፍጣፎቹ ይበልጥ የሚቀርቡት ብስኩቶቹ ሳይሆኑ፣ ሲያድጉ መንጋጋ የሌላቸው ሌሎች ጃርቶች መሆናቸውን አሳየ።

አጎቴ አልወደዱትም። "ታዲያ በምን ልለየው? መንጋጋ ያለው ከሌለው ጋር እንዴት ይዛመዳል?" አሉ። የእነዚያ ጥንታዊ አያቶች መንጋጋ ነበራቸው፣ በኋላ ጠፋ፤ ልጆቻቸውም በጨቅላነታቸው አሁንም ይታይባቸዋል ስላቸው ለረጅም ጊዜ አሰቡ። "እንግዲያው ተሳስቼ አስተምሬያለሁ" አሉ። አልተሳሳቱም፤ የዘመኑን እውቀት ነው ያስተማሩት። ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ አልተቀበሉኝም።

ባለቤታቸው ቡና እያፈሉ "ጣና ውስጥ የለም?" ሲሉ ጠየቁ። የለም። ከዚህ ክፍለ ስፍን አንድም ዝርያ በጨው አልባ ውኃ አይኖርም፤ የሰውነቱን ጨው ከውጭው ውኃ ለይቶ መጠበቅ አይችልበትም። "ዓባይ በረሃስ?" አሉ አጎቴ። ያ ባሕር የጃርቶቹ ነበር። ጠገራው የተወለደው ያ ባሕር ከሄደ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከዚያ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ጥቁሩ ድንጋይ ቀልጦ ፈሰሰና ሁሉንም ሸፈነው።

በማግሥቱ ፋሲል ግቢ ሄድን። ጎንደር ሄዶ ፋሲል ግቢን አለማየት አይሆንም እንጂ፣ ስለ ግንቡ የምጨምረው አዲስ ነገር የለኝም፤ አጎቴ ግን አንድ ቦታ ቆመው የመጋጠሚያውን ነጭ ልስን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ። ግንቡ የዚያው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ያያያዘው ኖራ ነው። የጠገራውም ቅርፊት፣ የእንቁላል ቅርፊትም፣ የኖራ ድንጋይም በኬሚስትሪ አንድ ናቸው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። "አፄ ፋሲል በጠገራ ነው የገነቡት በያ" አሉኝ። ጥበቃው አየን፤ ጣታቸውን ሰበሰቡ።

ስንመለስ ሰፌዱ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ነበር። አጎቴ ለሰፈሩ ልጆች ሊያሳዩ ያስቀመጡት ነው። ጎንበስ ብለው ቆጠሩ። እርግቦቹ አራት ናቸው። አምስተኛውን ፍለጋ ሣሩን ስንበትን ቀይዋ ዶሮ ከወዲያ ማዶ አንገቷን እየሰበቀች ታየናለች።

"ተዋት" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። "ሰሞኑን ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ነው የምትጥለው።"