ሃኖይ ላይ መንገድ ስሻገር

ዜብራ ላይ እግረኛ ይቀድማል ሲባል የምታምኑ ካላችሁ፣ ሃኖይ ሂዱና ሞክሩት። ዜብራው ተቀብቷል። የሚያየው ግን የለም።

የቬትናም ዋና ከተማ ሞተር ብስክሌት የሚቆጠረው በሚሊዮን ነው። እኔ ሆዋን ኪየም ሐይቅ ጋ ልሻገር ስቆም ሁሉም ተጠራርተው የመጡ መሰለኝ። ቅዳሜና እሁድ በሐይቁ ዙሪያ ያለው መንገድ ለእግረኛ ብቻ ይለቀቃል አሉ። ቀኑ ማክሰኞ ነው።

ከሆቴል ስወጣ እንግዳ ተቀባይዋ መክራኛለች። "አትሩጥ፣ አትቁም፣ ወደኋላ አትመለስ። ቀስ ብለህ ብቻ ሂድ፣ እነሱ ያልፉሃል።" ምክሩ የመንገድ ይሁን የትዳር አልገባኝም።

ቆሜ አያለሁ። አንዱ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ ያልፋል። ሌላው የሰው ቁመት የሚያህል መስታወት ከኋላው አስሮ መጣ። ፊት ለፊቴ ሲያልፍ ራሴን አየሁት። አመድ መስያለሁ! ክላክሱ አያባራም፤ የተቆጣ ሰው ግን የለም። "አለሁ፣ እንዳትገጨኝ" ለመባባል ነው የሚያደርጉት። ሄልሜት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ለሞተረኛ ሁሉ ግዴታ ነው። ለእግረኛ አላሰቡለትም እንጂ።

በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደረሱልኝ። ትከሻቸው ላይ ዘንግ አጋድመው፣ በግራና በቀኝ የሙዝ ቅርጫት አንጠልጥለዋል። ግራ ቀኝ አላሉም። ዘው ብለው ገቡ። እኔም ከኋላቸው ልጥፍ አልኩ። እውነትም ሞተሮቹ በጎናችን እየተከፈሉ ማለፍ ጀመሩ። ልቤ መለስ አለ።

መሃል መንገድ ላይ ስንደርስ አንድ ሞተረኛ ቀጥ አድርጎ አቆመ። ሙዝ ፈልጎ ነው!

እሳቸው ቆሙ። እኔ የት እሄዳለሁ? አብሬ ቆምኩ። ሰውዬው ሄልሜቱን ሳያወልቅ አንዱን ዘለላ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ይመልሳል። ሌላ ያነሳል። ዋጋ ይከራከራሉ። አውቶቡስ ከጀርባዬ ሸሚዜን እያወዛወዘ አለፈ። የዋጋውን ልዩነት እኔ ልቻል ብዬ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ይሄኔ እሳቸው ዞር ብለው አዩኝ። ለካ ወረፋ የያዝኩ ደንበኛ መስያቸዋለሁ። ትልቁን ዘለላ መርጠው አስታቀፉኝና በጣታቸው ዋጋ ነገሩኝ። የቬትናም ገንዘብ፣ የዶንግ፣ ዜሮ ደግሞ አያልቅም። እዚያ ቆሜ ዜሮ ልቆጥር? እጄ የገባውን ኖት ሰጠኋቸው። አዩት፣ አዩኝ፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ይዘው ማዶ አደረሱኝ።

ስንት እንደከፈልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማሻገሪያውን ጨምሮ ከሆነ ግን በጣም ረክሶልኛል።