ቁንዱዶ ላይ ዋልን

ከሐረር ሆኜ ሁሌ በሩቁ የማየውን ተራራ ዛሬ ወጣሁት። በጠዋት ተነስተን በፉኛን ቢራ ከተማ በኩል ሄድን። አቀበቱ ጉልበት ይጨርሳል። አናቱ ላይ ስትደርሱ ግን፣ አቦ! ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ለምለም ሜዳ። ብርዱ ጋቢ ያስመኛል።

ፈረሶቹንም አየናቸው። ጌታ የላቸውም፤ ልጓም አያውቁም። ሜዳው ላይ ተወልደው እዚያው የሚኖሩ የዱር ፈረሶች ናቸው። ቀና ብለው አዩን፤ ከዚያ ውርንጭሎቻቸውን አስከትለው ራቅ አሉ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአፍሪካ ብዙ ቦታ አይገኝም። ቁጥራቸው ጥቂት መሆኑ ግን ያሳስበኛል።

የምትሄዱ ልጆች፣ በናታችሁ አታባርሯቸው። ፎቶ ከሩቅ ይበቃል። ውሃ በደንብ ያዙ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ውጡ።